ጉልየልሞ ማርኮኒ፤ ምሰሶው ሲወድቅ ሽቦውን በነፋስ ያቆመው ሰው

በባሕር የሚነግድ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የመርከብ አደጋ ማዕበሉ ብቻ አይደለም፤ ብቻዋን መሆኗም ነው። በቀድሞ ዘመን ከምጽዋ ወይም ከዓሰብ ወደብ የተነሣች መርከብ፣ የብሱ ከዓይኗ ከተሰወረ በኋላ ከድንጋይ ጋር ብትጋጭ ወይም እሳት ቢነሣባት፣ ጩኸቷን የሚሰማላት አልነበረም። ዕቃውን የጫነው ነጋዴም ሆነ ቀረጡን የሚጠብቀው ሹም፣ መርከቢቱ ከነጭነቷ መስጠሟን የሚያውቁት ቀኗ አልፎ ሳትመጣ ስትቀር ብቻ ነበር። ይህን የባሕር ዝምታ የሰበረው፣ በመጀመሪያ ያለ ሽቦ ቴሌግራፍ፣ ኋላም ሬዲዮ የተባለው መሣሪያ ነው። መሣሪያውን ከሊቃውንት ቤተ ሙከራ አውጥቶ በመርከብ ተራዳ ላይ የሰቀለው ሰው ደግሞ፣ ታሪኩን ከዚህ ቀጥለን የምናቀርበው ጉልየልሞ ማርኮኒ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ማርኮኒ በኤፕሪል 25 ቀን 1874 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁሰፔ ማርኮኒ ባለ ርስት ነበር፤ እናቱ አኒ ጄምሰን ግን የአየርላንድ ተወላጅ ስትሆን፣ ዘመዶቿ በዊስኪ ንግድ ስማቸው የታወቀ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ኢጣልይኛና እንግሊዝኛ አስተባብሮ ዐወቀ፤ የእናቱም ዘመዶች ኋላ በለንደን ለሥራው በር ከፈቱለት። በትምህርት ቤት ግን የተመሰገነ ተማሪ አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲም አልገባም። ይሁን እንጂ የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ መምህርና የቤተ ሰቡ ጎረቤት የነበረው አውጉስቶ ሪጊ፣ ወጣቱ ለኤሌክትሪክ ጥናት ያለውን ፍቅር አይቶ ከቤተ ሙከራውና ከመጻሕፍቱ እንዲጠቀም ፈቀደለት።

ከዚያ ቀደም ብሎ ሃይንሪሕ ሄርትዝ የተባለው የጀርመን ሊቅ፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በዓይን የማይታይ ሞገድ እንደሚያሰራጭ በሙከራ አስረድቶ ነበር። ሄርትዝ በ1894 ዓ.ም. ሲሞት ስለ ሥራው ብዙ ተጻፈ፤ በዚያ ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ማርኮኒም ይህን አንብቦ፣ ሞገዱ የቴሌግራፍን ምልክት ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል የሚል ሐሳብ አደረበት። በአባቱ ርስት ላይ በሚገኘው በቪላ ግሪፎኔ፣ ከቤቱ ጣራ ሥር ባለው ክፍል ሙከራውን ጀመረ። መጀመሪያ ምልክቱ ከክፍል ወደ ክፍል ብቻ ይደርስ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ግን የመሣሪያውን አንድ ወገን በእንጨት ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ ሌላውንም ወገን ከመሬት ጋር አገናኘው። በዚህ ጊዜ ምልክቱ ኮረብታ ተሻግሮ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ፤ ከኮረብታው ማዶ የቆሙትም ረዳቶች መድረሱን በጠመንጃ ተኩስ አስታወቁ።

እንግዲህ ሞገዱን ያገኘው ማርኮኒ አይደለም፤ በተቀባዩም መሣሪያ ላይ ብዙ ሊቃውንት ከእርሱ በፊት ደክመውበታል። የእርሱ ድርሻ፣ ወደ ላይ የተዘረጋ ሽቦ ከፍታው በጨመረ ቍጥር ምልክቱ እንደሚርቅ ተረድቶ ይህን ለሥራ ማዋሉ ነው። ዛሬ አንቴና የምንለው ይህ የአየር ሽቦ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሥራው ሁሉ መሠረት ሆነ፤ የችግሩም ሁሉ ምንጭ እርሱ ነበር፤ ምክንያቱም ከፍ ብሎ የቆመ ነገር ሁሉ ነፋስ ይመታዋል።

ማርኮኒ በ1896 ዓ.ም. ከእናቱ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። በዚያም የፖስታ መሥሪያ ቤት ዋና መሐንዲስ የነበረው ዊልያም ፕሪስ ረዳው፤ በዚያው ዓመትም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በሜይ 1897 ዓ.ም. በብሪስቶል የባሕር ሰርጥ ላይ፣ ከላቨርኖክ ዳርቻ እስከ ፍላት ሆልም ደሴት ድረስ ምልክቱ ባሕር ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት የንግድ ኩባንያውን አቋቋመ። በ1898 ዓ.ም. መጨረሻ በኢስት ጉድዊን የአሸዋ ቁልል አጠገብ ቆማ ለመርከቦች ብርሃን በምታሳይ መርከብ ላይ መሣሪያውን ተከለ። በኤፕሪል 1899 ዓ.ም. መጨረሻ ይህችን መርከብ በጉም ውስጥ ሌላ መርከብ ገጨቻት፤ እርስዋም በሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ወደ የብስ ጥሪ ላከች፤ የነፍስ አድን ጀልባም መጣላት። መርከብ በራስዋ ላይ ለደረሰ አደጋ በዚህ መንገድ እርዳታ ስትጠራ የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነበር።

በመርከብ ላይ የሚዘረጋው አንቴና በአሠራሩ ቀላል ነው። በፊተኛውና በኋለኛው ተራዳ መካከል ሽቦ ይወጠራል፤ በሁለቱም ጫፍ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሸክላ ይገባበታል፤ ከሽቦውም አንድ መስመር ወደ ቴሌግራፈኛው ክፍል ይወርዳል። መሬት ሆኖ የሚያገለግለው የመርከቡ ብረትና ባሕሩ ራሱ ነው። ሽቦው የጭስ ማውጫውን ወይም የተራዳውን የብረት ገመድ ከነካ ኀይሉ ይፈስሳል፤ በሸክላው ላይ የባሕር ጨው ከጋገረም እንዲሁ ይባክናል። መርከብ ስትናወጥ ተራዳዎቹ ስለሚወዛወዙ፣ ከመጠን በላይ የተወጠረ ሽቦ ይበጠሳል። የተበጠሰ እንደ ሆነ፣ ቴሌግራፈኛው ያገኘውን ሽቦ በደረቅ ገመድ አስሮ፣ ከብረት አርቆ፣ የቻለውን ያህል ከፍ አድርጎ መስቀል አለበት። አዲሱ ሽቦ ከቀድሞው ካጠረ ወይም ከረዘመ ደግሞ የሞገዱ ልክ ስለሚለወጥ፣ መሣሪያውን እንደ ገና ማስተካከል ያስፈልገዋል። የብዙ ሰዎች ሕይወት የተንጠለጠለው እንግዲህ በዚህ ቀጭን ሽቦ ላይ ነበር።

ማርኮኒ ራሱ ይህን ፈተና ያየው በሕይወቱ ትልቅ በሆነው ሙከራ ላይ ነው። በ1901 ዓ.ም. ምልክቱን ከእንግሊዝ አገር እስከ አሜሪካ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ለማሻገር ቈረጠ። በኮርንዎል ዳርቻ በፖልዱ 20 ምሰሶዎች ክብ ሠርተው እንዲተከሉ አደረገ፤ እያንዳንዳቸውም 61 ሜትር ያህል ቁመት ነበራቸው። ለዚህ አምሳያ የሆነ ሌላ ጣቢያ በአሜሪካ በኬፕ ኮድ አሠራ። ኩባንያው በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ነበር። ነገር ግን በሴፕቴምበር 17 ቀን የተነሣው ዐውሎ ነፋስ የፖልዱን ምሰሶዎች በሙሉ አወረዳቸው፤ በኖቬምበር መጨረሻም የኬፕ ኮዱ ጣቢያ እንዲሁ ፈረሰ። ምሰሶዎቹ እርስ በርሳቸው በገመድ የተያያዙ ስለ ነበሩ የአንዱ መውደቅ ሌሎቹን ይዞ ወርዷል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሥራውን ለሌላ ዓመት ባስተላለፈው ነበር። ማርኮኒ ግን ታላቁን ጣቢያ እንደ ነበረ ለመመለስ ጊዜውን አላጠፋም። በፖልዱ ሁለት ምሰሶዎች ብቻ አስተከለ፤ በመካከላቸውም ከ50 የሚበልጡ ሽቦዎችን በማራገቢያ አምሳል አንጠለጠለ። በአሜሪካ በኩል ደግሞ ከኬፕ ኮድ ይልቅ ለእንግሊዝ አገር የሚቀርበውን ኒውፋውንድላንድን መረጠ። በኖቬምበር መጨረሻ ሳርዲንያን በምትባል መርከብ ከሊቨርፑል ሲነሣ፣ አብረውት የሄዱት ጆርጅ ኬምፕና ፐርሲ ፓጄት የተባሉ ሁለት ረዳቶች ብቻ ነበሩ። ኬምፕ የቀድሞ የባሕር ኀይል ሰው ስለ ሆነ ገመድ ማሰርና ተራዳ ማቆም ጠንቅቆ ያውቃል። በጓዛቸው ውስጥ የምሰሶ እንጨት አልነበረም፤ በምሰሶ ፈንታ የያዙት በሃይድሮጅን የሚሞሉ ባሉኖችንና ካይቶችን ነበር። ካይት ማለት ልጆች በገመድ ይዘው በነፋስ ላይ የሚያንሳፍፉት የጨርቅ ክንፍ ነው፤ እነርሱ የያዙት ግን ሽቦ ተሸክሞ ለመውጣት የሚችል ትልልቁን ነው።

በዲሴምበር 6 ቀን ሴንት ጆንስ ደርሰው፣ ከወደቡ በላይ ባለው በሲግናል ሂል ኮረብታ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ መሣሪያቸውን አኖሩ። በ11ኛው ቀን ብርቱ ነፋስ ባሉኑን ከገመዱ በጥሶ ወሰደው። በማግስቱ፣ በዲሴምበር 12 ቀን፣ ካይት አወጡ፤ እርሱንም ነፋሱ ወሰደባቸው። ሌላ ካይት እንደ ገና አወጡ፤ ይህኛው 150 ሜትር ያህል ሽቦ ተሸክሞ በሰማይ ቆየላቸው። ነገር ግን ካይቱ ከፍና ዝቅ ሲል የሽቦው ጠባይ አብሮ ስለሚለወጥ፣ በአንድ ሞገድ ልክ የተስተካከለው ትክክለኛ ተቀባይ ሥራ አልሰጠም። ማርኮኒ ያንን ትቶ ቀለል ያለውን ተቀባይ ከስልክ ማዳመጫ ጋር አገናኘና በጆሮው ላይ አደረገ። ከቀትር በኋላ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ከፖልዱ የሚላኩትን ሦስት አጫጭር ምቶች፣ ማለት በሞርስ ፊደል የኤስን ምልክት ሰማ። ማዳመጫውንም ለኬምፕ ሰጠው፤ እርሱም መስማቱን አረጋገጠ።

ርቀቱን አንባቢ እንዲገምተው በአገራችን ልክ እናስረዳ። ከምጽዋ ተነሥቶ በስተ ደቡብ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሰው፣ የኢትዮጵያን ደጋና ቆላ አቋርጦ የኬንያ ወሰን ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ሞያሌ ይደርሳል፤ ሁለቱ ከተሞች በምድር ካርታ ላይ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ያሉ ያህል ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት በአየር 1,340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፖልዱ እስከ ሲግናል ሂል ያለው ግን 3,400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ የሞያሌን መንገድ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሆናል። በምድር ላይ ከምጽዋ እስከ ሞያሌ የቴሌግራፍ ሽቦ ለመዘርጋት በሺህ የሚቈጠር ምሰሶ፣ የሚጠብቀውም ዘበኛ፣ የሚጠግነውም ሠራተኛ ያስፈልጋል። ማርኮኒ ያን ሁሉ በአንድ ካይት ገመድ ተካው።

ይሁን እንጂ ምስክሮቹ የሁለት ሰዎች ጆሮዎች ብቻ ስለ ነበሩ፣ ብዙ ሊቃውንት ነገሩን ተጠራጠሩት፤ ጥርጣሬውም ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ፈጽሞ አልጠፋም። የአንግሎ አሜሪካን ቴሌግራፍ ኩባንያም በኒውፋውንድላንድ የቴሌግራፍ ሥራ ለእርሱ ብቻ የተሰጠ መብት መሆኑን ገልጾ፣ ማርኮኒ ሙከራውን እንዲያቆም በሕግ አስፈራራው። እርሱ ግን ከመከራከር ይልቅ ሌላ ማስረጃ ፈለገ። በፌብሩዋሪ 1902 ዓ.ም. ፊላዴልፊያ በምትባል መርከብ ላይ አንቴናውን በተራዳዋ ከፍ አድርጎ ሰቀለ፤ መልእክቱም በጆሮ ሳይሆን በወረቀት ጥብጣብ ላይ እንዲጻፍ አደረገ። የመርከቢቱም አዛዥ ወረቀቱን በፊርማው አጸናለት። የሚነበብ መልእክት እስከ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሙከራ ምልክትም ከ3,300 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ። በዚሁ ጕዞ ምልክቱ በቀን 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንደሚሄድ፣ በሌሊት ግን ከዚያ እጅግ እንደሚርቅ ተረዳ። የመጀመሪያው ምልክት የተሰማው በቀትር ስለ ነበረ፣ ይህ ግኝት ጥርጣሬውን ይበልጥ አጠነከረው፤ ሥራውን ግን አላቆመውም።

በንግድ ረገድ ማርኮኒ ብርቱና አንዳንድ ጊዜም ጨካኝ ነበር። ኩባንያው መሣሪያውን ለመርከቦች የሚያከራየው ከነቴሌግራፈኛው ሲሆን፣ ሠራተኞቹም በሌላ ኩባንያ መሣሪያ ከሚናገር መርከብ ጋር እንዳይነጋገሩ ይከለክል ነበር። በ1902 ዓ.ም. የፕሩስያ ልዑል ሃይንሪሕ ከአሜሪካ ሲመለስ የተሳፈረባት መርከብ በጀርመን መሣሪያ ስለምትሠራ፣ የማርኮኒ ጣቢያዎች ሊመልሱላት አልፈቀዱም። በባሕር ላይ እርዳታ የሚጠራ ሰው የማን ደንበኛ ነህ ተብሎ ሊጠየቅ አይገባውም የሚለው ሐሳብ እያየለ ስለ ሄደ፣ በ1906 ዓ.ም. በበርሊን የተሰበሰቡት መንግሥታት የመርከቦችና የየብስ ጣቢያዎች የመሣሪያ ልዩነት ሳያደርጉ መልእክት እንዲቀባበሉ ተዋዋሉ።

የመሣሪያው ጥቅም ለዓለም ሁሉ የተገለጠው በጃንዋሪ 23 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። ሪፐብሊክ የምትባለው የመንገደኞች መርከብ በአሜሪካ ዳርቻ በጉም ውስጥ ፍሎሪዳ ከምትባል መርከብ ጋር ተጋጨች። የኤሌክትሪኩ ኀይል ተቋረጠ፤ የቴሌግራፈኛውም ክፍል ግድግዳ ተደረመሰ። ሽቦው ግን ከላይ አልተበጠሰም ነበር። ጃክ ቢንስ የተባለው የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኛ፣ በመጠባበቂያ ባትሪ እየተረዳ በብርድና በጨለማ ብዙ ሰዓት ሙሉ ጥሪውን አስተላለፈ፤ በሁለቱ መርከቦች ላይ የነበሩት ከ1,500 በላይ ሰዎች ጥቂቶች ብቻ ሲቀሩ ሁሉም ዳኑ። በዚያው ዓመት ማርኮኒ ከጀርመናዊው ከካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። በ1912 ዓ.ም. ታይታኒክ በሰጠመች ጊዜም፣ ጃክ ፊሊፕስና ሃሮልድ ብራይድ የተባሉት ቴሌግራፈኞች ከአደጋው ሁለት ሌሊት አስቀድሞ የተበላሸውን መሣሪያቸውን ራሳቸው ጠግነውት ስለ ነበረ፣ ጥሪያቸው ካርፓትያ ለምትባለው መርከብ ደረሰ፤ ከ700 በላይ ሰዎችም በዚህ ምክንያት ተረፉ። ፊሊፕስ ግን እስከ መጨረሻው በሥራው ላይ ቆይቶ ሞተ።

ከዚህ በፊት በ1911 ዓ.ም. ማርኮኒ በኢጣልያ በፒሳ አጠገብ በኮልታኖ የተሠራውን ታላቅ ጣቢያ በንጉሥ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ፊት ሲመርቅ፣ ከዚያ መልእክት ከሚለዋወጡት ቦታዎች አንዲቱ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው ምጽዋ ነበረች። በዚህ ዐይነት የማርኮኒ ሽቦ ገና በማለዳው ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። የተዘረጋው ግን በመጀመሪያ ለሀገሬው ጥቅም አልነበረም፤ ገዢው መንግሥት ትእዛዙን በፍጥነት እንዲያደርስበት ነበር።

በ1912 ዓ.ም. በመኪና አደጋ የቀኝ ዓይኑን አጣ፤ ሥራውን ግን አላቋረጠም። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤሌትራ ብሎ የሰየማትን መርከብ ገዝቶ ቤትም ቤተ ሙከራም አደረጋት። በማርች 26 ቀን 1930 ዓ.ም. ኤሌትራ በጄኖቫ ወደብ ቆማ ሳለች በላከው ምልክት፣ በአውስትራልያ በሲድኒ ከተማ የኤሌክትሪክ መብራቶች እንዲበሩ አደረገ። በ1931 ዓ.ም. የቫቲካንን ሬዲዮ ጣቢያ ሠርቶ ለጳጳሱ አስረከበ።

ስለ ማርኮኒ ሲነገር ይህ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል፤ የቀረውን መሸሸግ ግን ለአንባቢ ታማኝነት አይሆንም። በ1923 ዓ.ም. የፋሽስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ በ1930 ዓ.ም. ሙሶሊኒ የኢጣልያ የሊቃውንት አካዳሚ ፕሬዚዳንት አደረገው። በ1935 ዓ.ም. ኢጣልያ ኢትዮጵያን ስትወር፣ በሕይወቱ ሁሉ ለተጨነቁት ድምፅ የሰጠው ይህ ሰው ወረራውን በይፋ ደገፈ፤ በእንግሊዝ ሬዲዮም ስለዚህ ጉዳይ ሊናገር ፈልጎ ፈቃድ ተነፈገው። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ አጠገብ ከአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች ስለ ሰላም ድምፃቸውን አሰሙ። ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ነበር። ሽቦ ወገን የለውም፤ ወራሪው ትእዛዝ ሲያስተላልፍበት፣ የተወረረውም አቤቱታውን ይልክበታል። ወገን የሚለየው ሰው ነው፤ ማርኮኒም የለየው ወገን የታሪኩ አንድ ክፍል ሆኖ ቀርቷል።

ማርኮኒ በጁላይ 20 ቀን 1937 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በልብ ሕመም ሞተ። ለክብሩም በብሪታንያና በሌሎችም አገሮች የሬዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ያህል ዝም አሉ። መርከቡ ኤሌትራ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች እጅ ወድቃ፣ በ1944 ዓ.ም. በአድርያቲክ ባሕር ዳርቻ ተመትታ ጠፋች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከማርኮኒ የፈጠራ መብቶች በአንዱ ላይ ሌሎች ሊቃውንት እንደሚቀድሙት ፈርዶ ነበር።

የሲግናል ሂሉ ካይት ግን ከባለቤቱ በኋላም ኖረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ላይ የወደቁ አብራሪዎች በጎማ ጀልባቸው ይዘውት የነበረው በእጅ የሚዘወር የአደጋ ሬዲዮ፣ አንቴናውን የሚያቆመው በካይት ወይም በባሉን ነበር። በ1960 ዓ.ም. በለንደን የተፈረመው የባሕር ላይ ሕይወትን የሚጠብቅ ስምምነትም፣ መርከቦች ከዋናው አንቴና ሌላ መጠባበቂያ እንዲኖራቸው፣ ይህ በማይሆንበትም ፈጥኖ የሚሰቀል የተዘጋጀ ትርፍ አንቴና እንዲይዙ ደነገገ። በ1999 ዓ.ም. በመርከቦች ላይ የሞርስ ምልክት በሳተላይትና በአዲስ ሬዲዮ ከተተካ በኋላም ቢሆን፣ ብልህ መርከበኛ የተጠቀለለ ሽቦና ደረቅ ገመድ ከዕቃ ቤቱ አይለይም።

ቢሮ ለሚያስተዳድር ሹምም ሆነ መጋዘን ለሚጠብቅ ነጋዴ፣ ከማርኮኒ ታሪክ የሚወሰደው ቁም ነገር ይህ ነው። ሃያው ምሰሶ ብዙ ገንዘብ ፈጅቶ ወደቀ፤ ሥራውን ከዳር ያደረሰው አስቀድሞ በሣጥን ተጠቅልሎ የተጫነው ካይት ነበር። ዋናው ሲሰበር የሚተካው ነገር የሚዘጋጀው ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት ነው።